የማይታየውን ምት መቁጠር፤ ስለ አንድ ትንሽ ዩኒቬርስቲ የወንዶችና የሴቶች የጎልፍ ቡድኖች



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ስለ ጎልፍ ጨዋታ ነው። ይህን ስል ከመካከላችሁ ብዙዎች «ጎልፍ ለእኛ ምናችን ነው? እርሱስ ሀብትና ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች መዝናኛ አይደለምን?» እንደምትሉ ዐውቃለሁ። እኔም ቀድሞ እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት የሚገኘውን ዌክ ፎረስት የተባለውን ትንሽ ዩኒቬርስቲ፣ የወንዶቹንና የሴቶቹን የጎልፍ ቡድኖች ታሪክ ከተመለከትሁ በኋላ፣ ነገሩ ከዱላና ከኳስ የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ተቋም ደጁን የሚከፍተው ለማን ነው? የተከፈተለትስ ሰው የተቀበለውን ዕድል ለማን ያስተላልፋል? ይህ የዩኒቬርስቲም የመሥሪያ ቤትም ጥያቄ ነው። እኔም በበኩሌ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሥራ የገባሁ፣ የዩኒቬርስቲን ደጅ በተማሪነት ያልረገጥሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ጥያቄው ልቤን ሳይነካው አይቀርም።

በዚህ ንግግር ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። በአገራችን የገናን ጨዋታ ያየ ሰው ዱላና ኳስ እንግዳ አይሆኑበትም። ልዩነቱ ግን በገና ብዙ ሰው አንዲቱን ጥንግ ይሻማል፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የገዛ ራሱን ኳስ ይመታል፤ የሚነጥቀውም የሚከለክለውም የለም። ሜዳው ሰፊ የሣር መስክ ነው፤ 18 ትንንሽ ጉድጓዶች አሉበት። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ እንደ ርቀቱ 3 ወይም 4 ወይም 5 ምት ይመደብለታል። በጥቂት ምት ኳሱን ወደ 18ቱም ጉድጓዶች ያስገባ ሰው ያሸንፋል። እንግዲህ ከብዙው ጨዋታ በተለየ፣ በጎልፍ ያነሰ ቁጥር ያለው ሰው የበለጠ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በእግር ኳስ ፊሽካ የያዘ ዳኛ ከተጫዋቾቹ ጋር አብሮ ይሮጣል። የጎልፍ ሜዳ ግን እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ተጫዋች አጠገብ ዳኛ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ጥፋት የሠራ ሰው ጥፋቱን ራሱ ተናግሮ፣ በገዛ ራሱ ላይ ምት መጨመር አለበት። በ1925 ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች በአሜሪካ ታላቅ ውድድር ላይ ሳለ፣ ዱላውን ሲያስጠጋ ኳሱ በጥቂቱ ነቅነቅ አለችበት። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። ባለሥልጣኖቹም እኛ አላየንም አሉት። እርሱ ግን ኳሷ ተነቃንቃለች ብሎ በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ። በውድድሩ መጨረሻ ከሌላ ተጫዋች ጋር እኩል ሆነና በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። ያቺ አንዲት ምት ባትቆጠር ኖሮ ዋንጫው የእርሱ በሆነ ነበር። ሰዎች ስለ ሐቀኛነቱ ሲያመሰግኑት፣ ይህ ባንክ ስላልዘረፈ ሰውን እንደ ማመስገን ነው በማለት መልሶላቸዋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ ክቡራን አንባብያን፣ አንድ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራ በጀመርሁበት ወራት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየጧቱ የመግቢያ ሰዓት መዝገብ ላይ እንፈርም ነበር። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስሁ፤ መዝገቡም ጠባቂ ሳይኖረው በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። እኔም ከስሜ ትይዩ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ብዬ ጻፍሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም ማንም አያውቅም። የቦቢ ጆንስን ታሪክ ሳነብ ግን ያቺ ያልተቆጠረች ምት ፊቴ ላይ መጥታ ድቅን አለች። እንግዲህ ይህን ንግግር የማቀርበው እንደ መምህር ሆኜ ሳይሆን፣ ምት እንደ ደበቀ ተጫዋች ሆኜ መሆኑን እወቁልኝ።

አሁን ወደ ዩኒቬርስቲው እንመለስ። ዌክ ፎረስት በ1834 በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች የተመሠረተ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን የወሰደው ከተቋቋመባት ከትንሿ ከተማ ነበር። በ1956 ግን ከነስሙ ተነሥቶ ዊንስተን ሴለም ወደተባለችው ከተማ ተዛወረ፤ በ1967ም ከኮሌጅነት ወደ ዩኒቬርስቲነት ከፍ አለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ቁጥር ከ5,000 ብዙም አይርቅም። በአሜሪካ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ያሏቸው ዩኒቬርስቲዎች ስላሉ፣ ይህ ከነዚያ ጋር ሲተያይ እንደ አንድ ትልቅ ቤተሰብ የሚታይ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ትምህርት ቤት በጎልፍ ከታላላቆቹ ጋር ይቀናቀናል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣቸዋል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሠራተኛ ልጅ ነው። አርኖልድ ፓልመር በ1929 በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት በላትሮብ ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማዪቱ የጎልፍ ክበብ ውስጥ ሣር የሚያጭድ፣ ሜዳውን የሚጠብቅ፣ በኋላም አባሎቹን ጨዋታ የሚያስተምር ሰው ነበር። ልጁ በዚያ ሜዳ ዳር አደገ፤ ነገር ግን የሠራተኛ ልጅ በመሆኑ በክበቡ የመዋኛ ገንዳ መዋኘት አይፈቀድለትም ነበር፤ ጎልፍም የሚጫወተው አባሎቹ ሳይመጡ በማለዳ ወይም ከሄዱ በኋላ በምሽት ነበር። በእኛ አገር በገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ላይ እኩል ሲጋፉ የቆዩ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ አጥር ምን ያህል እንደሚጎረብጥ ለመረዳት አያስቸግረውም።

ይህ ልጅ በወጣትነቱ ጨዋታ ላይ ቡዲ ወርሻም ከተባለ ጓደኛ ጋር ተዋወቀ። ወርሻም ወደ ዌክ ፎረስት ለመሄድ የስኮላርሺፕ ዕድል አግኝቶ ስለ ነበረ፣ ለፓልመርም እንዲሁ እንዲደረግለት ነገሩን አመቻቸለት። ሁለቱም በ1947 ኮሌጁ ገብተው በአንድ ክፍል ኖሩ፤ በአንድ ቡድንም ተጫወቱ። እንግዲህ የፓልመርን የኮሌጅ በር ያንኳኳለት ጓደኛው ነበር።

በ1950 በጥቅምት ወር ወርሻም በመኪና አደጋ ሞተ። ፓልመር በሐዘን ተሰበረ። ትምህርቱን አቋርጦ በባሕር ጠረፍ ጥበቃ ጦር ውስጥ ገባና ሦስት ዓመት አገለገለ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወደ ዌክ ፎረስት ቢመለስም ዲግሪውን ሳይወስድ ወጣ። በ1954 የአሜሪካን የአማተሮች ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ከዚያም በሙያው መኖር ጀመረ። በአውገስታ ሜዳ የሚደረገውን የማስተርስን ውድድር በ1958፣ በ1960፣ በ1962ና በ1964 አራት ጊዜ አሸንፏል። በሠራተኛ ልጅነቱ እንዳይዋኝ የተከለከለበትን የላትሮብን ክበብም በ1971 ገዝቶ የራሱ አደረገው።

ነገር ግን እኔ ከዋንጫዎቹና ከክበቡ ይልቅ የማደንቅለት ሌላ ሥራ አለ። ፓልመር በሞተው ጓደኛው ስም በዌክ ፎረስት የጎልፍ ስኮላርሺፕ አቋቋመ። ለሟች ወዳጅ የድንጋይ ሐውልት ማቆም ይቻላል፤ ሐውልት ግን ለማንም በር አይከፍትም። ፓልመር ወርሻም ለእርሱ ያደረገለትን ነገር፣ ወርሻም ከሞተ በኋላም በየዓመቱ ለማይታወቅ ወጣት ማድረጉን እንዲቀጥል አደረገ። ከዚህ ስኮላርሺፕ ተጠቃሚዎች አንዱ ላኒ ዋድኪንስ ነበር፤ እርሱም በ1970 የአማተሮቹን ሻምፒዮና፣ በ1977 ደግሞ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን አሸነፈ። አንዱ ጥሩ ተጫዋች ሌላውን ጥሩ ተጫዋች ይስባልና፣ ትንሹ ትምህርት ቤት በጎልፍ ወጣቶች ዘንድ የሚመኙት ስፍራ ሆነ።

ስኮላርሺፕ ብቻውን ግን ቡድን አይሠራም። የዩኒቬርስቲ የጎልፍ ውድድር በቡድን የሚደረግ ነው። ከየትምህርት ቤቱ አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ በየዕለቱ የአራቱ የተሻሉት ውጤት ተደምሮ የቡድኑ ውጤት ይሆናል፤ የአምስተኛው ይጣላል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ድንቅ ቢሆን ቡድኑን አያድንም፤ አንድ ሰውም አንድ ቀን ቢሰናከል ቡድኑን አያጠፋም። ይህን የተረዳና ለብዙ ዘመን ያስተዳደረ ጄሲ ሃዶክ የተባለ አሠልጣኝ ነበር። በ1960 ሥራውን ሲይዝ እርሱ ራሱ ስም ያለው ተጫዋች አልነበረም። ሥራው የወጣቶቹን ጠባይ መመርመር፣ እርስ በርሳቸው እንዲተማመኑ ማድረግ ነበር። በእርሱ ዘመን ቡድኑ የአካባቢውን የዩኒቬርስቲዎች ሻምፒዮና 15 ጊዜ፣ የመላው አሜሪካን ደግሞ በ1974፣ በ1975ና በ1986 ሦስት ጊዜ አሸንፏል።

የ1974ቱ ድል እንዴት እንደ ተገኘ ልንገራችሁ። ኩርቲስ ስትሬንጅ የተባለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ሲደርስ ውጤቱ ገና አልተለየም ነበር። ለጉድጓዱ የተመደበው 5 ምት ነው፤ እርሱ ግን በሦስት መጨረስ ነበረበት። ሁለተኛውን ምት እጅግ አስቸጋሪ በሆነው ረጅም የብረት ዱላ መታና ኳሱን ከጉድጓዱ ጥቂት ርምጃ ላይ አሳረፈ፤ በሦስተኛውም አስገባ። በዚያች በአንዲት ኳስ የግሉም የቡድኑም ሻምፒዮና የዌክ ፎረስት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቡድኑ ተከታዩን በ33 ምት በልጦ አሸነፈ፤ የግሉንም ዋንጫ ጄይ ሃስ የተባለው ጓደኛው ወሰደው። ስትሬንጅ በኋላ በ1988ና በ1989 የአሜሪካን ታላቅ ውድድር በተከታታይ አሸንፏል።

እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ ታሪክ ያማረ ነው። ነገር ግን ምትን ሁሉ እንቁጠር ካልን፣ ያልተቆጠሩትንም ማንሣት ይገባናል። ፓልመር በተማሪነቱ ዘመን ዌክ ፎረስት ለጥቁር ተማሪዎች ዝግ ነበር። በሩ የተከፈተው በ1962 ነው፤ ሙሉ ተማሪ ሆኖ በመጀመሪያ የገባውም ጥቁር ወጣት የእኛው አፍሪካዊ፣ ከጋና የመጣው ኤድዋርድ ሬይኖልድስ ነበር። በአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ደንብ ውስጥም አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅደው አንቀጽ የተሠረዘው በ1961 ነው። ያ ዘመን ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2011 የአካባቢውን የሴቶች የግል ሻምፒዮና ለዌክ ፎረስት ያሸነፈችው ሼያን ዉድስ የተባለች ጥቁር ወጣት፣ የታይገር ዉድስ የወንድም ልጅ፣ ነበረች።

ሁለተኛዪቱ ያልተቆጠረች ምት የሴቶች ነገር ነው። ዌክ ፎረስት ሴቶችን ከወንዶች ጋር አስተካክሎ መቀበል የጀመረው በ1942 ነው። ወደ ትምህርት ክፍል መግባታቸው ግን ወደ ሜዳ መግባታቸው አልነበረም። ወንዶቹ ተጫዋቾች በስኮላርሺፕ ሲማሩ፣ በአውቶቡስና በአይሮፕላን ከግዛት ወደ ግዛት ሲጓዙ፣ ለሴቶቹ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተዘጋጀላቸውም ነበር።

ይህን የለወጠው ሕግ ነው። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የትምህርትን ሕግ ሲያሻሽል አንድ አጭር አንቀጽ አስገባ፤ ይኸውም ከማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ በሚረዳ በማናቸውም የትምህርት ሥራ ማንም ሰው በጾታው ምክንያት እንዳይከለከልና እንዳይበደል የሚያዝ ነው። ዋናው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 37 ቃል ብቻ ነው። «ስፖርት» የሚል ቃል የለበትም፤ «ጎልፍ» የሚልም የለበትም። ነገር ግን ስፖርት የትምህርት ቤት ሥራ ክፍል ስለ ሆነ፣ ሕጉ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ደረሰ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ መስመር ደንብ ስንጽፍ ወይም ስንገለብጥ፣ መስመሯ በስንት ሰው ሕይወት ውስጥ እንደምትገባ ብዙ ጊዜ አናስብም። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ገና ያልተወለዱ ልጃገረዶችን ኮሌጅ ያስገባች ናት።

ሕጉ በሥራ ላይ እንዴት እንደ ዋለ ብታዩ ይገርማችኋል። በአሜሪካ ትልቁ የዩኒቬርስቲዎች የስፖርት ማኅበር በከፍተኛው ምድብ ለአንድ የወንዶች የጎልፍ ቡድን የሚፈቅደው 4.5 ስኮላርሺፕ ሲሆን፣ ለሴቶች ቡድን ግን 6 ነበር። ይህ ለሴቶች ያደላ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ለወንዶች ብቻ እስከ 85 ስኮላርሺፕ ይወስድ ስለ ነበረ፣ ሚዛኑ እንዲጠጋጋ በሌሎች ጨዋታዎች ለሴቶች መጨመር ያስፈልግ ነበር። ግማሽ ስኮላርሺፕም የሚባለው አሠልጣኙ አንዱን ሙሉ ገንዘብ ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪ ማከፋፈል ይችል ስለ ነበረ ነው። በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ይህ የስኮላርሺፕ ቁጥር ወሰን ተነሥቶ፣ በቡድኑ ውስጥ በሚሰለፉት ተጫዋቾች ቁጥር ወሰን ተተክቷል።

የሴቶቹ ድል እንደ ወንዶቹ ፈጥኖ አልመጣም። ይኸው ማኅበር የወንዶችን የጎልፍ ሻምፒዮና በስሙ ማካሄድ የጀመረው በ1939 ሲሆን፣ የሴቶቹን የጀመረው በ1982 ነው። በዌክ ፎረስት የሴቶቹን ቡድን ከ1988 እስከ 2018 ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሠለጠነችው ዳያን ዴይሊ ናት። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእናንተ ከመንግሥት ሠራተኞች በላይ የሚያውቀው የለም። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ቡድኗ የመላው አሜሪካን ዋንጫ አላገኘም። እርሷ ግን በየዓመቱ አዳዲስ ልጃገረዶችን ትቀበል፣ ታስተምር፣ ትሸኝም ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ጄኒፈር ካፕቾ የተባለች ተማሪ መጣችላት። በ2017 ካፕቾ የመላውን አሜሪካ የግል ሻምፒዮና ልታሸንፍ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ሲቀራት፣ ሁለት ምትም እየመራች ሳለ፣ በ17ኛው ጉድጓድ ከተመደበው ሦስት ምት አስበልጣ በአንዲት ምት ተሸነፈች። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ዳግመኛ ወደዚያ ስፍራ መመለስ ይፈራል። እርሷ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ በ2018 አሸነፈች። ያ ዓመት የአሠልጣኟ የመጨረሻው የሥራ ዓመት ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ካፕቾ በሴቶች ባለሙያዎች ውድድር ለመጫወት የሚያስችለውን ፈተና አለፈች። ወዲያው ብትሄድ ገንዘብ ታገኝ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቷን እስክትፈጽምና ከጓደኞቿ ጋር የመጨረሻውን ዓመት እስክትጫወት ድረስ ማቆየትን መረጠች። ቆይታዋም አልከሰረችም። በ2019 በሚያዝያ ወር የአውገስታ የጎልፍ ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ የአማተር ሴቶችን ውድድር አዘጋጀ። ይህን ክበብ ከሌላ ሰው ጋር ያቋቋመው፣ በራሱ ላይ ምት የቆጠረው ያው ቦቢ ጆንስ ነበር። ይሁን እንጂ ክበቡ እስከ 2012 ድረስ አንዲት ሴት እንኳ በአባልነት ተቀብሎ አያውቅም ነበር። በሐቀኝነቱ የሚመሰገን ሰው የመሠረተው ቤትም ለረጅም ዘመን ሴቶችን ሳይቆጥር ኖሯል ማለት ነው።

በዚያ ሜዳ በመጨረሻው ቀን ጨዋታ መካከል ካፕቾ ራስ ምታት ይዟት ዐይኗ ደበዘዘባት፤ ተቀናቃኟ ማሪያ ፋሲም ቀደመቻት። ሕመሙ ከተዋት በኋላ በ13ኛው ጉድጓድ ላይ ከተመደበው ምት በሁለት አንሳ አስገባች፤ በመጨረሻም በአራት ምት በልጣ አሸነፈች። ፓልመር አራት ጊዜ ባሸነፈበት ሜዳ ላይ የትምህርት ቤቱ ልጅ የመጀመሪያውን የሴቶች ዋንጫ ተቀበለች። እርሱ ግን በ2016 በመስከረም ወር ዐርፎ ስለ ነበረ ይህን ለማየት አልበቃም።

የቡድኑ ዋንጫስ? የዩኒቬርስቲዎቹ ሻምፒዮና መጨረሻ፣ ለወንዶች ከ2009፣ ለሴቶች ከ2015 ጀምሮ፣ አምስት ለአምስት ተጣምሮ በሚደረግ ግጥሚያ የሚለይ ሆኗል፤ ሦስት ያሸነፈ ቡድን ያሸንፋል። በ2019 የዌክ ፎረስት ሴቶች እስከ መጨረሻው ደርሰው በጎረቤታቸው በዱክ ዩኒቬርስቲ 3 ለ2 ተሸነፉ። በ2023 ግን በአዲሲቱ አሠልጣኝ በኪም ሉወለን እየተመሩ የደቡብ ካሊፎርኒያን ዩኒቬርስቲ 3 ለ1 አሸንፈው ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ። ወንዶቹ የመጀመሪያውን ዋንጫ ካገኙ 49 ዓመት መሆኑ ነው።

በዚያ ቡድን ውስጥ ሬቸል ኪውን የተባለች ተጫዋች ነበረች። እናቷ ብሬንዳ ኮሪ ኪውንም በ1980ዎቹ ለዚሁ ዩኒቬርስቲ የተጫወተች ናት። በ2001 እናትዮዋ በአሜሪካ የሴቶች ታላቅ ውድድር ላይ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ተሰልፋ ነበር፤ በሆዷ የነበረችውም ይህችው ሬቸል ናት። እናት ያላገኘችውን ዋንጫ ልጅ በዚያው ማልያ አገኘችው። እናት በዘመኗ ባትሰለፍ ኖሮ ግን የልጅዋ መንገድ እንዲህ አይቀናም ነበር። በዚህ ድል ውስጥ የእናትዮዋም፣ ዋንጫ ሳታይ ሠላሳ ዓመት ያሠለጠነችው የዳያን ዴይሊም ምት ተቆጥሮ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ምናልባት «ይህ ሁሉ የገንዘብ ነገር ነው፤ ሀብታም ደጋፊ ያለው ትምህርት ቤት ያሸንፋል» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ጎልፍ ብዙ ወጪ ያለበት ጨዋታ ነው፤ ዌክ ፎረስትም ርዳታ አላጣም። ይሁን እንጂ ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብና ብዙ እጥፍ ተማሪ ያላቸው ዩኒቬርስቲዎች ይህን ያህል ታሪክ አላገኙም። የዚህ ትምህርት ቤት ሀብት ውለታን አለመርሳቱ ነው። ወርሻም ለፓልመር በር አንኳኳለት፤ ፓልመር በወርሻም ስም ለዋድኪንስና ለሌሎችም አንኳኳላቸው። ለሴቶቹ ደግሞ ሕጉ በሩን ከፈተ፤ አንዲት አሠልጣኝም ሠላሳ ዓመት በሩ እንዳይዘጋ ይዛ ቆመች።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል የጎልፍ ዱላ የሚጨብጥ ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን በየጠረጴዛችን ላይ በር አለ። ከመዝገብ ቤት እስከ ዲሬክተሩ ክፍል ድረስ፣ አንዱ ማመልከቻ ተቀብሎ ሌላውን «ነገ ተመለስ» የሚል ሁሉ የበር ጠባቂ ነው። ዛሬ በመስኮታችን ፊት የቆመው የዘበኛው ልጅ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን አናውቅም። እኛን ራሳችንን ወደዚህ ወንበር ያደረሰን አንድ የሆነ ሰው በር አንኳክቶልን እንደ ነበረ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት ባይኖር፣ ውለታው የሚከፈለው በመስኮቱ ፊት ለቆመው ነው።

እኔም ስለዚያች የመዝገብ ፊርማ ያለብኝን ዕዳ ዛሬ በእናንተ ፊት ቆጥሬአለሁ። ጊዜው ስላለፈ መዝገቡን ማረም አይቻለኝም፤ ነገር ግን ያን ቀን የጎደለውን ግማሽ ሰዓት ባለጉዳይ በበሬ ላይ ቆሞ ባገኘሁ ጊዜ ሁሉ ከምሳ ሰዓቴ ላይ ልከፍለው ቆርጬአለሁ። ይህንንም የሚቆጥር ዳኛ በአጠገቤ የለም፤ እንደ ጎልፉ ተጫዋች ቆጣሪው እኔው ራሴ ነኝ።